ለሠርግም ለለቅሶም ያልሆነ ዳስ

ልጅ እያለሁ በእኛ አገር ዳስ የሚጣለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነበር። ደጅ ላይ እንጨት ተተክሎ ቅጠል ሲለብስ ያየ መንገደኛ "ማን ተዳረ?" ወይም "ማን ሞተ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሦስተኛ ጥያቄ አያውቅም። እናቴ ግን አንድ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቤታችን ሙሽራም ሬሳም ሳይኖር ዳስ አስጣለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስታውሰው ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ክረምት ሲከር የርብ ውኃ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሰዉም ከብቱን እየነዳ ደረቅ መሬት ፍለጋ ይሸሻል። አባቴ በዚያ ክረምት ከብቶቹን ሲያሸሽ ዋልካው አንሸራቶ ጣለው። ከኋላ የምትከተለው ጊደርም ተንሸራታ ላዩ ላይ ወደቀችበትና እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣው። ወጌሻው እግሩን በሸምበቆ አስሮ "እስከ መስከረም ንቅንቅ እንዳትል!" ብሎት ሄደ።

አባቴን አያ ደሴ ይሉታል። መለሎ ቁመት ያለው፣ ሲራመድ ከኋላው ያለው ሰው የሚሮጥለት ዓይነት ሰው ነበር። እሱ ሐሙሲት ገበያ ደርሶ ሲመለስ አብረውት የወጡት ገና በመሄድ ላይ ሳሉ ያገኛቸዋል። "አያ ደሴን የሚቀድመው ጥላው ብቻ ነው" ይባልለት ነበር። ያ ሰው መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ መደቡ ላይ ተጋድሞ የዝናቡን ድምፅ እየሰማ ክረምቱን ከረመ።

መስከረም ሲጠባ ወጌሻው ተመልሶ ፈታው። እግሩን በሁለት እጁ ዳበሰ፣ አገላበጠ፣ ደስ አለው። "አጥንቱ ገጥሟል። ከእንግዲህ መድኃኒቱ ፀሐይና እርምጃ ነው። ዝም ብሎ ከተኛ ግን ይደርቅበታል፤ ያኔ እኔን አትጥሩኝ" አለ እናቴን። አባቴ "እሺ" አለ። ግን አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። በየማለዳው እናቴ ምርኩዙን ከአጠገቡ ታቆማለች፤ በየማታው ምርኩዙ እዚያው እንደቆመ ይገኛል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? ይሞክሩ እንጂ" አለችው አንድ ቀን።

"እንቁላሉ እኮ እግሩ አልተሰበረም" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምክንያቱን ለአጎቴ ሲነግረው ሰማሁ። አጎቴ ላቀው የእናቴ ወንድም ነው። "ቤቴ መንገድ ዳር ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ በደጄ ያልፋል። ስነክስ ከሚያዩኝ እዚሁ ብበሰብስ ይሻለኛል" ነበር ያለው። አጎቴ ወጥቶ ይህንኑ ለእናቴ ነገራት። እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

"ለሙሽራ ዳስ ይጣል የለም? ለሞተም ይጣላል። ለታመመ የማይጣልበት ምክንያት ምንድን ነው?"

አጎቴ ራሱን አከከና መጥረቢያውን አንሥቶ ሄደ። ቋሚዎቹን ቆርጦ አምጥቶ ከደጃፋችን ጎን ተከላቸው፤ ማገሩን አጋድሞ በቅጠል ሸፈነው። እናቴ ከሥሩ በጭቃ መደብ ሠራች፤ ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለሜዳው ሰጠችው። የሚቀመጥበት ሰው ከብቱን ያያል፤ ገበያተኛው ግን የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው። ብልሃቷ ይህ ነበር።

ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በማግስቱ ጧት ገና ፊታችንን ሳንታጠብ ከመንገዱ ወገን ጩኸት ተነሣ። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ዳሱን ከሩቅ አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ከኋላቸው ሌሎችም ይከተላሉ።

"ወይኔ አያ ደሴ! ወይኔ የሜዳው አጋዘን! ሳልሰናበትህ!"

ከጎጆው ውስጥ የአባቴ ድምፅ ወጣ። "ትርንጎ! አጋዘኑ ገና አልሞተም፤ ድምፅሽን ቀንሽልኝ!"

እትዬ ትርንጎ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደሆነ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው ይስቁ ጀመር፤ ከኋላ የመጡትም ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

"የሺ፣ በቁሜ ተዝካሬን አወጣሽው" አላት፤ የሺ የእናቴ ስም ነው። "ከዚህ ዳስ ሥር የሚቀመጥ ሬሳዬ ነው!"

ዳሱም ቅጠሉ እየደረቀ፣ ነፋስ ሲነካው ሽው እያለ እንዲሁ ቆመ። እኔም ማታ ማታ አባቴ እውነትም የሚሞት እየመሰለኝ እፈራ ነበር። እግሩ ከበፊቱ መቅጠኑን እናቴ በቅቤ ስታሸው አያለሁ። አጎቴ "እናፍርሰው፤ መልካም አልሆነም" ቢላትም እሺ አላለችም። መላውን ያመጡት እትዬ ትርንጎ ራሳቸው ናቸው። ባደረጉት አፍረው ሰንብተው ነበርና አንድ ቀን ነጠላቸው ውስጥ የቅል ፍሬ ቋጥረው መጡ። "ክፉው ነገር የለቅሶ ዳስ መምሰሉ ነው። አበባ ቢኖርበት እኔስ መች አለቅስ ነበር?" አሉ።

እነሆ ሥራው ተጀመረ። የቅሉን ፍሬ ዘፍዝፈን በየቋሚው ሥር ቀበርን። የንስሐ አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የጽጌረዳ ቁራጭ ሰጡን። አደይ አበባውን ከነአፈሩ ነቅለን ከሜዳው አመጣን። እናቴ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ ጎኑ የተሸነቆረ ጋን፣ የተሰነጠቀ ገንቦ፣ ማጀት ውስጥ "አንድ ቀን ይጠቅማል" ብላ ያከማቸችውን ሁሉ አወጣችው። በነጭ አፈር ቀባነውና ፍግ ሞልተን ጤና አዳም፣ አሪቲና በሶብላ ተከልንበት፤ በመደቡ ዙሪያ ደረደርነው። ውኃ ማጠጣት የእኔ ሥራ ነበር። ማለዳ ውኃውን የጠጣው ዋልካ የሚሸተው ሽታ፣ በሶብላውን ስነካው እጄ ላይ የሚቀረው መዓዛ፣ ዛሬ ስጽፈው እንኳ አፍንጫዬ ሥር ነው።

ገበያተኛው እየቆመ ያያል። "የሺ፣ ይህ ሁሉ አበባ ይበላል እንዴ?" ይሏታል።

"አዎ፤ በዓይን ይበላል" ትላቸዋለች።

ቅሉ አያሳፍርም፤ በአንድ ሌሊት ክንድ ያህል የሚሳብ ይመስል ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ጣሪያው ላይ ወጣ። ደረቁን ቅጠል ሸፈነው፤ አመሻሽ ላይ ነጭ አበባው ይፈካል፤ ከዚያም ትናንሽ ቅሎች እንደ ጉትቻ ቁልቁል ተንጠለጠሉ። አባቴ ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል ለእናቴ አልተነፈሰም። እኔን ግን እራት ሳቀርብለት በሹክሹክታ ይጠይቀኛል። "ቅሉ የት ደረሰ?" እነግረዋለሁ። "ጫፉን ቀንጥቡት፤ ያኔ ነው የሚበትነው" ይለኛል። እኔም ሄጄ ለእናቴ ከራሴ እንደመነጨ አድርጌ እነግራታለሁ። "አዬ ጉድ! ልጄ እንዴት ያለች ገበሬ ወጥታለች!" ትልና ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች። ሦስታችንም ሁሉን እናውቅ ነበር፤ ሦስታችንም አናውቅም እንል ነበር።

አሁን ስለ ቡሬ ልንገራችሁ። ቡሬ የአባቴ በሬ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሻኛው እንደ ኮረብታ የቆመ። አባቴ እኛን ሲቆጣ እንሰማለን፤ ቡሬን ሲቆጣ ግን ሰው ሰምቶ አያውቅም። ኅዳር ላይ አንድ ጧት ይህ በሬ ገመዱን በጥሶ፣ አጥሩን ጥሶ፣ ቀጥ ብሎ ዳሱ ሥር ገባ። እናቴ ከማጀት ስትወጣ ግማሹን ሐረግ ጎትቶ አውርዶታል። አንድ ቅል ከነሐረጉ ቀንዱ ላይ ተንጠልጥሎበት፣ ጽጌረዳውን በእግሩ ረግጦ፣ በሶብላውን እያላመጠ ያያታል።

እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዝዛ "ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ!" እያለች ሮጠች። አንዴ ጎኑ ላይ አሳረፈችበት። በሬው አገሣ።

"የሺ! በሬዬን!" የሚል ጩኸት ከጎጆው ተሰማ። ዘነዘናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ አባቴ ደጃፉ ላይ ነበር። ምርኩዝ አልያዘም፤ ጋቢው ከትከሻው ወድቋል። መቃኑን ለቆ አንድ ተራመደ፣ ሁለት ተራመደ፣ እያነከሰ መጥቶ በበሬውና በዘነዘናው መካከል ገባ።

"ለቅጠል ብለሽ በሬ ትገድያለሽ?"

"ቅጠል አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እናቴ ዘነዘናውን ጣለችው። እንባዋ መጣ። "ይህን ሁሉ ለማን የተከልሁት ይመስልዎታል?" አለችው።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። "አባዬ፣ ቆመዋል እኮ!" አልሁ።

አባቴ ቁልቁል እግሮቹን የሌላ ሰው እግር ይመስል አያቸው። ያን ጊዜ መደገፊያ ፈልጎ እጁን ሲዘረጋ ያገኘው መደቡን ነው፤ ተቀመጠበት። ተቀምጦም ቀና አለ። ከፊቱ ሜዳው ተዘርግቷል። ውኃው ሸሽቶ የተወው ጥቁር መሬት ላይ ሽንብራው ለምልሟል፤ ከብቱ እስከ ዓይን ማለቂያ ተበትኗል፤ ነጫጭ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ይነሣሉ፣ ያርፋሉ። ቡሬም ከኋላው ማላመጡን አልተወም።

"ይህ ሁሉ ደጄ ላይ እያለ ነው እንዴ ግድግዳ ሳይ የከረምሁት?" አለ።

ጩኸቱን የሰሙት እትዬ ትርንጎ እያለከለኩ ደረሱ። አባቴን ተቀምጦ ሲያዩት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። "አያ ደሴ፣ ከዚህ ሥር የሚቀመጥ ሬሳዬ ነው ብለህ አልነበር?"

"ቀድመሽ አልቅሰሽልኝ የለ? አሁን ተነሥቻለሁ" አላቸው። እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ በሳቅ ፈነዳች።

ከዚያ ወዲያ አባቴን ከዳሱ የሚያስገባው ጠፋ። ጧት የሚወጣው እያነከሰ ነው፤ ግን ይወጣል። የተጎተተውን ሐረግ ራሱ መልሶ አሰረው። ለቡሬ መከላከያ ዙሪያውን ቅንጭብ አስተከለ። ይፋግ ገበያ የሚሄድ ሰው ባገኘ ቁጥር የሎሚ ችግኝ፣ የኮክ ችግኝ አምጣልኝ እያለ ይልካል፤ እናቴ "ቤቱን ጫካ አደረጉብኝ" ማለት ጀመረች። የመደቡንም ፊት አስዞራት፤ ገበያተኛውን ማየት አማረው። ሐሙስ ሐሙስ ሰዉ ሸክሙን አውርዶ ከዳሱ ሥር ውኃ ይጠጣል፣ ወሬ ያወራል፣ ከመሬት ድንበር ጠብ እስከ ጋብቻ ሽምግልና እዚያ ያልቃል። እኛ ልጆች ጥግ ይዘን ቅልብልቦሽ እንጫወታለን፤ የንስሐ አባታችን ሲመጡ ደግሞ ጠጠራችንን አስጥለው ፊደል ያስቆጥሩናል። "ሀ ሁ"ን የቆጠርሁት በቅል አበባ ሥር ነው። በቀጣዩ ክረምት ማለቂያ የቅል ፍሬ ፍለጋ እኛ ቤት ያልመጣ ጎረቤት አልነበረም፤ በመንገዱ ዳር ደጅ ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ። የአባቴ እግር እስከ መጨረሻው ማንከሱን አልተወም። እሱም ስለ መታየቱ ዳግመኛ አላነሣም።

ዛሬ ሜዳው ሩዝ ሆኗል፤ ወረታም ትልቅ ከተማ። የምኖረው ልጄ በሠራው ግቢ ነው። ግቢው ያምራል። መሬቱ ሸክላ ተነጥፎበታል፤ አበባው በየሲሚንቶ ማሰሮው በልኩ ተቆርጦ ቆሟል፤ ከጥላው ሥር ወንበርና ጠረጴዛ አለ። ምራቴ ስታሳምረው አያታለሁ፤ እጇ ይባረክ፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው አበባ የት አይተን! ግን ማንም አይቀመጥበትም። እንግዳ ሲመጣ "እንዴት ያምራል!" ይልና ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉም ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይደረደራል። የእኛ ደጅ ሰው ይበዛበት ነበር፤ የዛሬው አበባ ይበዛበታል።

ባለፈው የፋሲካ ማግስት ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ሳሎን ሞልተን ሳለ መብራት ጠፋ። ቆርቆሮው ጋለ፤ ቤቱ አፍኖ ያዘን። መጀመሪያ ልጆቹ ወጡ፤ ከዚያ ምራቴ ወንበሮቹን አቧራቸውን ጠረገች፤ ቀጥሎ ልጄ ወጣ፤ እኔንም ደግፈው አወጡኝ። ነፋስ ነበር። ልጄ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ትምህርት ቤት ሳለ ያደረገውን ተንኮል ያወራ ጀመር፤ እናቱ ሆኜ ሰምቼው የማላውቀውን! ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

መሐል ላይ መብራት መጣ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ትንሿ የልጅ ልጄ ብድግ አለችና ወደ በሩ አየች፤ መልሳ እኛን አየች። ማንም አልተነሣም። ተመልሳ መጥታ ጉልበቴ ላይ ጋደም አለችና አባቷን "እሺ፣ ከዚያስ?" አለችው።