የልጄ ሌላኛው ዓይን

ፎቶ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ቢወጣ ለልጅ ክፉ ነው እንዴ? እኔ እስካሁን መልሱን አላውቅም።

ልጄ ዓመት ሲሞላት ፒያሳ ወስጄ ፎቶ አስነሳኋት። ፎቶው ሲወጣ ግማሽ ፊቷ ጨለማ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ። ለእኔስ ሸጋ መስሎኝ ነበር። የባለቤቴ አባት ግን ቄስ ናቸው፤ ገና ሲያዩት አማተቡ።

«ምነው ልጄ! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ሰይጣን አይደል? ይኼ እዚህ ቤት አይሰቀልም!» ብለው ፎቶውን ከእጄ ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ልጄን አዝዬ ከሰፈራችን ከፀዳ በባጃጅ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለስኩ።

«ሁለቱንም ዓይኗን ሳታወጣልኝ ንቅንቅ አልልም» አልኩት ፎቶ አንሺውን።

«እህቴ፣ ይኼ እኮ ጥበብ ነው። መብራቱን ሆን ብዬ ከአንድ ጎን ብቻ ነው ያበራሁት።»

«ጥበብህን ለራስህ! እኔ የልጄን ዓይን ነው የምፈልገው።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁብኝ። ባፍርም አልወጣሁም። በመጨረሻ ሌላ መብራት ከፊቷ አብርቶ እንደገና አነሳት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ቦግ ብለው ወጡ።

ተመስገን ብዬ ልወጣ ስል፣ ጠረጴዛው ላይ ገና የታተመ ትልቅ ፎቶ አየሁ። ነጭ ጥምጥም፣ የእጅ መስቀል፣ ግማሽ ፊት ጨለማ። የባለቤቴ አባት!

«እኚህን ደግሞ ማን በአንድ ዓይን አስቀራቸው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ትናንት የልጅሽን ፎቶ ይዘው መጥተው ‹እኔንም እንደዚች አድርገህ አንሳኝ፤ ግርማ ሞገስ አለው› አሉኝ።»

እስቲ ምከሩኝ፤ አየሁ ልበላቸው ወይስ ዝም ልበል?