ለትምህርት ቤት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ያን ዕለት ጉሊቴ ላይ ተቀምጬ በርበሬ ስሰፍር የአይሱዙ ጥሩምባ ሰማሁ። ማቋረጥ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጮኻል። የመካነ ሰላም መንገድ በገበያ ቀን ጥሩምባ አያጣውምና መጀመሪያ ልብ አላልሁትም። ቀና ስል ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ከፊቱ፣ መንገዱ መሀል ላይ፣ ልጄ ትሄዳለች። ቦርሳዋን አንግታ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ቀስ ብላ። አልዞረችም። እንዴት ትዞራለች? በአራት ዓመቷ ትኩሳት ጥሏት ከተነሣች ወዲህ ጆሮዋ አንድም ነገር አይሰማም።

እንዴት እንደደረስሁባት አላውቅም። ክንዷን ይዤ ስጎትታት መኪናው የሻርፔን ጫፍ ታክኮ አለፈና ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«አንች ሴትዮ! ልጅሽን እንደ ጥጃ ለቀሽ ትነግጃለሽ? ደንቆሮ ናት እንዴ?»

«አዎ፣ ደንቆሮ ናት» አልሁት።

ደንቆሮነቷን በሰው ፊት አፍ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ያስደነገጠኝ ግን መኪናው ብቻ አይደለም። ገና ረፋድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጄ ክፍል ውስጥ መሆን ነበረባት። ማን አስወጣት? ጉሊቴን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ልጄን እየጎተትሁ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ።

«ዛሬ ነው እንዴ ያየሻት?» አለኝ የበሩ ዘበኛ። «እሷማ በየቀኑ ነው የምትወጣው። መምህሯ ስትለቃት እኔ እከፍትላታለሁ።»

መምህሯ ልጅ እግር ናት። ክፉም አልነበረችም። «እናቴ፣ ምን ላድርጋት? የአንድ ለአምስቱ ቡድን አልቀበላትም አለ» አለችኝ። በዚያ ዘመን ተማሪው ሁሉ ተቧድኖ፣ ጎበዙ ሌሎቹን እየመራ ነበር የሚያጠናው። የቡድኑ ውጤት ደግሞ ስብሰባ ላይ ይገመገማል። «የእሷ ሲደመርበት ቡድኑ ይወድቃል። እኔ ራሴ በእሷ ተገምግሜያለሁ። ዝም ብላ ከምትቀመጥ ቤቷ ትሂድ ብዬ ነው።»

እኔ የቆጠርሁት የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፣ እሱንም በኩራዝ ጭስ። ስለ ትምህርት ቤት ምን አውቃለሁ? በየዓመቱ መጨረሻ «አልፋለች» ሲሉኝ እልል እል ነበር። እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም እንደማይወድቅ የነገረኝ የለም። ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሳ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ቢሮ መግባት እፈራለሁ፤ ያኔም እየፈራሁ ነው የገባሁት።

«ሕጉማ አለ፣ እናቴ» አለኝ። «ማንኛውም ልጅ፣ አካል ጉዳት ያለበትም ቢሆን፣ ይማር ይላል። ግን የእሷን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር የለንም። ደሴ ብትወስጃት ይሻላል።»

«ደሴ ማን አለኝ፣ መምህር?»

«እሱን እንግዲህ ቤተሰብ ይምከርበት። እስከዚያው ቤት ትቆይ።»

ቤት ትቆይ! ቤታችን እዚያው መንገድ ዳር ነው። አባቷ በግ ሊሸጥ ወረኢሉ ይከርማል። እኔ ጉሊት ካልወጣሁ ማታ የምንቀምሰው የለም። ማን ሊጠብቃት ነው? ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ጉሊቴን ጥዬ ወደ መንገዱ መሮጥ ጀመርሁ።

በእኛ አገር ሰው የተጣላ እንደሆነ፣ ደም ቢሆን፣ ፍችም ቢሆን፣ የሚያበርደው ሽማግሌ ነው። ዳይሬክተሩ የተቀየመኝ መሰለኝ። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁበት። ቁርአን የሚያቀሩት ጎረቤታችን ሸህ፣ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ከላይ ሰፈር ያሉት ቄስ አብረው ሄዱልኝ። አንዱ ስለ አላህ፣ አንዱ ስለ ማርያም ብለው ለመኑት። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ለእናንተ ስል!» አላቸው። ደስም ብሎታል መሰለኝ።

ልጄ ተመለሰች። ከኋላ ወንበር ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ዘበኛው ያለ ሰዓቷ አላስወጣትም። ምንም ባትማር ከመንገዱ ዳነችልኝ ብዬ ለዳይሬክተሩ ጠዋት ማታ ዱዓ አደርግለት ነበር።

ዳይሬክተሩ በዓመቱ ተዛወረ። የመጣው አዲሱ ሰው ልጄን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቤት መለሳት።

«የበፊቱ ዳይሬክተር እኮ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቶ ነበር» አልሁት።

«እኔ የገባሁት ቃል የለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

እየሮጥሁ ሸሁ ቤት ሄድሁ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ይለምኑልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ተነሽ፣ እስቲ ልጠይቅሽ። የጎረቤትሽ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሽማግሌ ተልኮለታል?»

«ኧረ የለም።»

«የኔ የልጅ ልጅ ሲገባስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ያንችዋን ስለምን ለመንን? ተሳሳትን እኮ፣ ልጄ። በልመና ያገኘነውን ያው ሰውየው ይዞት ሄደ። ይሄ የልጅቱ ሐቅ ነው። ሐቅ ይጠየቃል እንጂ አይለመንም።»

በማን እንደምናደድ እንኳ አላወቅሁም። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል የከረምሁት ልጄ ለምትቀመጥበት ወንበር ነበር፤ የራሷ ለሆነው ወንበር!

በማግስቱ ሦስታችን ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሸሁም ቄሱም «ዛሬ ምስክር ነን፣ አንናገርም፤ አንች ተናገሪ» ብለው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ኃላፊው ነገሬን ሰማና «ሕጉማ አለ፣ እናቴ…» ብሎ ጀመረ።

«እባክዎን ያችን ‹ግን› አይጨምሩብኝ» አልሁት። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ሕጉ ካለ፣ ልጄን ከክፍል የሚያስወጧት በየትኛው ሕግ ነው?»

ሰውየው ብእሩን አገላበጠ።

«ይመልሱላት እንጂ!» አሉ ቄሱ፣ አንናገርም ያሉትን ረስተው።

«በየትኛውም» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ። «ማስወጣት አይችሉም። ችግሩ መምህር…»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሠራተኛ አቋረጠችው። «የምልክት ቋንቋ የሠለጠነች አለች እኮ። እዚያው ትምህርት ቤት ናት። ለልዩ ፍላጎት ክፍል የሥራ መደብ ስላልተከፈተ ስፖርት ታስተምራለች።»

እዚያው ትምህርት ቤት! ኳስ ስታስመታ ልጄ በር ላይ ቆማ የምታያት መምህርት! እኔን ደሴ ሂጂ ሲሉኝ፣ የልጄን ቋንቋ የምታውቀው ሰው እዚያው ሜዳ ላይ ፊሽካ ትነፋ ነበር።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሸሁ። «ውኃ አጠገብ ሆነን በጥም ልንሞት!»

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ነገ ነይ፣ ኃላፊው መስክ ወጥቷል፣ ስብሰባ ላይ ነው፣ ክፍል የለም። በርበሬዬን ሰው እያስጠበቅሁ ተመላለስሁ። ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ያችኑ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ዘመድ፣ ምልጃ፣ ስለ አላህ፣ አንዱንም አልጨመርሁባትም። በመጨረሻ የስፖርት ዕቃ የነበረበት መጋዘን ተጠርጎ ክፍል ሆነ። ያቺ መምህርት ፊሽካዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ ገባችበት። ወሬው ሲሰማ ከየጓዳው ልጅ ይወጣ ጀመር። አንዲት እናት ከወግዲ ገጠር አምጥታ ልጇን ዘመድ ቤት አስጠጋች። መስማት የተሳናት የኔ ልጅ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ልጄን ልቀበል በሩ ላይ ቆምሁ። ዘበኛው «ዛሬማ ያለ ሰዓቷ ብትለምነኝም አልከፍትላትም፤ መምህሯ ታንቀኛለች» ብሎ ሳቀ። ልጄ ወጣች። መንገዱ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ እጇን ጨብጬ ልሻገር ስል እሷ የኔን አንጓ ይዛ አስቆመችኝ። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ እንደገና ወደ ግራ። አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ከዚያ በእጇ ምልክት አሳየችኝ፤ ያችን መምህሯ ቀደም ብላ አስተምራኛለች። «አሁን እንሂድ» ማለት ነው።

ተሻገርን። ልጄ አሁን ክፍል አላት፣ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው አላት፣ ከዚያ የሚያስወጣት የለም። አልሃምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።