አባቴ መኪናዬን ትተው በባቡር የሄዱ ጊዜ

መኪናዬ ቀይ ሃችባክ ናት፤ አጭር፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ስትታይ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ትመስላለች፤ ነዳጅ ሲረገጥላት ግን ሌላ ናት። ከገዛኋት ትንሽ ቆይቶ የኋላ አሞርዛተሮቿ ዘይት ማፍሰስ ጀመሩ። አሞርዛተር መቀየሬ ካልቀረ፣ በዚያው ሞላዎቹንም በአጫጭር ቀይሬ መኪናዋን ዝቅ ላደርጋት ወሰንኩ። ምክንያቴ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ነበር። ጠዋት ቤልቪው ቢሮዬ ሥር ፓርክ አድርጌ ስወርድ ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ ክፍተቱ አለ። ማታ ስመለስም አለ።

ሐሳቤን ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ከእኔ ጋር ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ስለያዘው አሁን የሚያዩት ብርሃንና ጥላ፣ በጣም ከቀረበም የሰው ቅርጽ ነው።

"ዝቅ ማለት?" አሉ።

"አዎ አባባ፣ ወደ መሬት ቀረብ እንድትል።"

"መሬት ላይ ምን አላት?"

"ጥምዝ መንገድ ላይ አትወዛወዝም። መንገዱን ትይዛለች።"

አባቴ ትንሽ አሰቡ። "እኔ ከመኪና ባለቤቶች ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩት ባሌስትራ ጨምሩልኝ፣ ከፍ ይበልልኝ እያልኩ ነው። አንቺ ከፍለሽ ታወርጃለሽ። እሺ።"

አባቴ እሺ ሲሉ ተስማምተዋል ማለት አይደለም። ሰምተዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስለ ሞላ የጻፉትን ሳነብ ከረምኩ። ስለ አንዱ ሞላ አንደኛው ሰው "ቅቤ ነው" ይላል፤ ሌላው ደግሞ ስለዚያው ሞላ ጥርሱ እንደተነቃነቀ ይጽፋል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ምርጫዬ በመጨረሻ ሁለት ላይ ቆመ፤ አንዱ መኪናዋን በመጠኑ ዝቅ የሚያደርግ፣ ሌላው ክፍተቱን ጨርሶ የሚያጠፋ። የሚያጠፋውን አዘዝኩ።

ሬንተን ያለው የሐበሻ መካኒክ ሞላዎቹን አገላብጦ አየና "አሞርዛተሩስ?" አለኝ። ሞላ መኪናዋን ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ ሞላው ሲዘል ይይዘዋል። ሞላው ካጠረና ከጠነከረ፣ የሚይዘውም ለእሱ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን አላጣሁትም፤ ሳነብ የከረምኩት እሱን ነው። ግን የሚሆነው አሞርዛተር ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ሞላዎቹ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ካርቶናቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ለጊዜው የፋብሪካውን ዓይነት ግጠምልኝ" አልኩት። "ትክክለኛው ሲመጣ እንቀይረዋለን።"

"ሁለት ጊዜ ልፈታው?"

"አዎ።"

"ኦኬ" አለ። ሥራ ነው፣ አልተከራከረኝም።

መኪናዋ አማረች። ክፍተቱ የለም። ቢሮዬ ሥር ወርጄ ዞር ስል የማየው ነገር አጣሁ፤ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ከቤት ስለምሠራ፣ አባቴን ጠዋት ቢከን ሂል ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው ለአረጋውያን ጸሎት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሞላው ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ አስፋልቱ የተለጠፈበት ቦታ ሁሉ መኪናዋ እስከ ሞላው መጨረሻ ወርዳ ትመታለች፤ ከመታች በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነጥራለች። አባቴ በሩ ላይ ያለውን እጀታ ያዙ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንገባ የፊቷ ታችኛው ክፍል መሬቱን ረጅም አድርጎ ጋጠው። በር ላይ የቆሙት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩን።

"ደረስን?" አሉ አባቴ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እራት ላይ "ነገ አትድከሚ፣ በባቡር እሄዳለሁ" አሉኝ።

"መኪናዋ ናት?"

"መኪናዋ ጥሩ ናት። ወገቤ ነው።"

ባቡር ጣቢያው ከቤታችን ቅርብ ነው። ላድርስዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ መንገዱን በዘንጋቸው እንደሚያውቁት ነገሩኝ። ነጩን ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ስብሰባ ውስጥ ገባሁ። ስብሰባው ሳያልቅ የማላውቀው ቁጥር ኮል አደረገልኝ።

"እህት፣ አባትሽ እኔ ጋ ናቸው" አለ አንድ ሰው በአማርኛ። "ሰላም ናቸው። ኤርፖርት ነን።"

"የት ሊሄዱ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ከድንጋጤ ብዛት የመጣልኝ እሱ ነበር።

"እኔም ጠይቄያቸው ነበር" አለ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ባቡር ተሳፍረው ነው። ኤርፖርት እስክደርስ በባቡሩና በመሳፈሪያው መድረክ መሃል ያለው ክፍተት ከዓይኔ አልጠፋም። መኪናዋ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ትመታለች፤ እያንዳንዱ ምት ወገቤ ላይ ይወጣል። ያን ቀን ብቻዬን ስነዳ ነው በደንብ የተሰማኝ።

አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አጠገባቸው ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ የደወለልኝ እሱ ነው። አመሰገንኩት። ከአባቴ ጎን ስቀመጥ እጄን ያዙ።

"መሳሳትዎን በምን አወቁ?" አልኳቸው።

"ሻንጣ የሚጎትት ሰው በዛብኝ። ለጸሎት ሻንጣ ይዞ የሚመጣ የለም።" ሻዩን ፉት አሉ። "ባቡሩ ግን አይነጥርም።"

ቤት ስንደርስ ከመኪናዋ ወርደው ወዲያው ወደ በሩ አልሄዱም። በመዳፋቸው ገላዋን እየዳበሱ ወደ ፊት ጎማ መጡ። ጣታቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም።

"የፈለግሽው ይሄንን ነው?"

"አዎ።"

"ለመልክ?"

"ለጥምዝም ነው" አልኩ። ከዚያ "በአብዛኛው ለመልክ" ብዬ ጨመርኩ።

ለመልክ ብዬ ለእሳቸው ማስረዳት ከብዶኝ ነበር። ስቀው ይተዉታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጎማውን ደግመው ዳበሱት፣ ቸርኬውንም።

"ታምራለች?"

"በጣም።"

"እንግዲያው ሁሉንም አትመልሺ። ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅሽም።"

በዚሁ ተስማማን። ያን ቀን ማታ መጀመሪያ የተውኩትን፣ በመጠኑ ዝቅ የሚያደርገውን ሞላ ከራሱ አሞርዛተር ጋር አዘዝኩ። አሞርዛተሩ እስኪመጣ አባቴን በሰው መኪና፣ አንዳንዴም አብሬያቸው እየሄድኩ በባቡር አመላለስኳቸው። ሬንተን ያለው መካኒክ ፈትቶ ገጥሞ ሲጨርስ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ሁለት ጣቱን አስገብቶ አሳየኝ። አባቴ ያሉትን ነግሬው ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቢከን ሂልን ስንወጣ የተለጠፈው አስፋልት ላይ ሆን ብዬ አለፍኩ። መኪናዋ አንዴ ወረደች፣ ተነሣች፣ ቆመች።

"ደረቅ ናት" አሉ አባቴ። "ግን ልብ ገዝታለች።"

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ ግቢው ባዶ ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ልወጣ ስል አባቴ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የማርሹን እጀታ ያዙ። መኪና መንዳት ካቆሙ ወዲህ ማርሽ ነክተው አያውቁም።

"ፍሪሲዮን ርገጪ" አሉኝ።

ረገጥኩ። አንደኛ አስገቡ። የለመዱት በቀኝ እጃቸው ስለነበር ትንሽ ፈለጉት፤ ግን አገኙት። ቀስ ብዬ ለቀቅኩና ግቢውን መዞር ጀመርን። የሞተሩን ድምፅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

"አሁን" አሉ። ረገጥኩ፤ ሁለተኛ ገባ።

ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ዞርን። ለሦስተኛ ማርሽ ግቢው አልበቃንም።