ሄልሜቱና ጃንጥላዋ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የይግዛው ግራ መዳፍ ነው። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ተሰልፈውበታል። ከቢቸና ወደ ግንደወይን በሚጓዘው የሙሽራው ሚኒባስ ውስጥ፣ ላብ እንዳይደመስሰው መዳፉን ይከፍታል፤ ሰው እንዳያይበት ደግሞ መልሶ ይከድናል። ጭኑ ላይ ቀለሙ የተላላጠ ነጭ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ተቀምጧል።

ይግዛው በየሰርጉ በግጥም ስድብ ሲመላለስ በኖረበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ግጥም ጽፎ አያውቅም። ግጥሙ እዚያው፣ ዳሱ ውስጥ፣ እንደ ማስነጠስ ድንገት ነበር የሚመጣለት። ከመስከረም ወዲህ ግን ቃላት ይሸሹት ጀመር። በሚያስተዳድረው ወፍጮ ቤት የደንበኞቹን ስም ያምታታል። ባለፉት ሁለት ሰርጎች ላይ መልሱ የመጣለት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገረም።

ነገሩ የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. ጥር፣ ዛሬ በሚሄዱበት በዚያው ግቢ ነው። ይግዛው የወንዱ ወገን አቀንቃኝ ሆኖ ከቢቸና መጣ። «የሴቷ ወገን ድንጋይ ይወረውራል» ብለው ጓደኞቹ ስላስፈራሩት ከሞተር ሲወርድ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ገባ። ለሴቷ ወገን የምታዜመው አምሳለች የምትባል የሞጣ ልብስ ሰፊ ነበረች። እሱ ገና አፉን ሲከፍት ጥቁር ጃንጥላዋን ዳሱ ውስጥ ዘረጋች።

«ምነው? ጣራው ያፈሳል እንዴ?» አሏት።

«የዚህ ሰውዬ ምራቅ ነው እንጂ!» አለች።

የሰርግ ስድብ ወጉ ነውና ይግዛው ጀመረ፦

«የሞጣ ሴት ድምፅዋ ይሰማል ከሩቁ፣
የቀረቡት ሁሉ ጆሮ ደፍነው ራቁ።»

አምሳለች ትንፋሽ አልሰጠችውም፦

«ሄልሜት ደፍቶ መጣ፣ ሞተሩ የታለ?
አውልቁት እንመልከት ከሥሩ ራስ ካለ።»

ከጠዋት እስከ ማታ ተሰዳደቡ፤ የተሸነፈ ግን አልነበረም። በመጨረሻ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የተባሉ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ጠባችሁ ያልቃል ብለን ብንጠብቅ ድግሱ አለቀ። በሉ ማሉ፤ መጀመሪያ ዝም ያለ ሰው ሁለተኛ ማይክ አይያዝ» አሏቸው። ሁለቱም ማሉ።

ከዚያ ወዲህ ኦርጋን መጣ፣ ካሴት አሳተሙ፣ ካሴት ጠፋ፣ ሰው በስልኩ ይቀርጻቸው ጀመር። ሄልሜቱና ጃንጥላዋ ግን አልተለወጡም። በአንድ መኪና ሄደው አያውቁም፤ እሱ ከቢቸና፣ እሷ ከሞጣ ይመጣሉ። ተለማምደው አያውቁም። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ሳይቀር በስልክ ተሰዳድበው ሰርገኛው በድምፅ ማጉያ ሰምቷቸዋል። ከዘፈን በፊት ሰላም አይባባሉም። አምሳለች ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ «እንዴት ዋልክ ያልኩትን ሰው በምን አፌ እሰድበዋለሁ?» ትላለች። ሁለቱም ትዳር አላቸው፣ ልጆች አላቸው፤ ያ ሁሉ ስድብ ግን ለማንም ሳይሆን እርስ በርስ ብቻ የተቀመጠ ነው።

ዛሬ የምትዳረው ሥርጉት ናት፤ በዚያን ጊዜ የተዳረችው የይርጋነሽ ልጅ።

ሚኒባሱ ግቢው ደጃፍ ሲቆም ይግዛው ሄልሜቱን አጠለቀ። ዳሱ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋቹ አንዷለም እንደ ወትሮው መካከል ላይ ተቀምጧል፤ እሱ የማንም ወገን አይደለም። ሕጉ በእሱ እጅ ነው፦ አንዱ ወገን ሲሰድብ ዜማው አራት ጊዜ እስኪዞር ሌላው መመለስ አለበት። ከወዲያ ማዶ አምሳለች ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። አላየችውም፤ ማለትም ያላየች መሰለች።

መጀመሪያ ግን ሰርገኛው መብላት አለበት። የሙሽራዪቱ አክስት ሀብትነሽ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው ከተርታው ራስ ጀመሩ።

«ጋሽ ይግዛው፣ ይታጠቡ እንጂ! አፍዎን አናጥብልዎትም፣ እሱስ አይጠራም!» አሉት።

ዳሱ ሳቀ፤ ይግዛውም ሳቀ። እንደ ልማዱ ሁለት እጁን ዘረጋ። ውሃው ሲወርድ ነው የባነነው። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። ሀብትነሽ ሳፋውን አይተው፣ እሱን አይተው፣ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

እንጀራውን ሳይቆርስ መዳፉን አገላብጦ አየ። ስድስት ግጥም ነበር መዳፉ ላይ። አንዱን እንኳ ለማስታወስ ሞከረ፤ እስክሪብቶው ቆዳውን ሲኮረኩረው ብቻ ነው ትዝ ያለው።

ኦርጋኑ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስድቦች በአሮጌ ግጥም፣ ከዚህም ከዚያም ገጣጥሞ መለሰ። አምሳለች ሦስተኛውን ወረወረች፦

«ሙሽራውስ መልካም፣ ዘፋኙ ነው ክፉ፣
ስድብ እንጂ ምርቃት አይወጣም ከአፉ።»

ዜማው አንዴ ዞረ። ይግዛው ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ሁለቴ ዞረ። ሚዜዎቹ ማጨብጨባቸውን ቀነሱ። ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ሲሠራ ውሎ ማታ እንደሚቆም ወፍጮ፣ ጸጥታው ብቻ ይጮሃል። ሦስት ጊዜ ዞረ። አንዷለም ጣቶቹን አዘገየ፤ ግን ምን ያህል ይዘገያል?

ያን ጊዜ ጃንጥላው ተንቀሳቀሰ።

በሠላሳ አንድ ዓመት አምሳለች ያንን የዳስ መካከል ተሻግራ አታውቅም። አሁን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ አንዷለምን አልፋ፣ ከወንዱ ወገን መጥታ ቆመች። በትከሻዋ ይግዛውን ገፋ አድርጋ ቦታውን ያዘች። ዜማው አራተኛውን ዙር ሊጨርስ ሲል፣ ባዶ ወደቀረው የገዛ ቦታዋ እጇን ቀስራ ዘፈነች፦

«ጃንጥላ ዘርግታ ከዳስ የቆመችው፣
ዝናብስ የት አለ? ሽበት ነው የፈራችው።»

ዳሱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ራሷን ሰደበች! ለእሱ ብላ፣ በእሱ ቦታ ቆማ!

አሁን ግን የሴቷ ወገን ሰዳቢ አጣ። ዜማው እንደገና መዞር ጀመረ። ይግዛው ወዲያ ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ አየ፤ እግሩ ራሱ ወሰደው። እዚያ ቆሞ ዞር ሲል ከፊቱ የራሱን ወገን፣ የራሱን ቦታ አየ። ሊሰድበው የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ሌሊት ከቀን ሲሰድበው ከርሟል፤ ለዚህ መዳፍ አያስፈልግም። ሄልሜቱን አወለቀ። ላብ ያራሰውን መላጣውን ሕዝብ ፊት ገልጦ ዘፈነ፦

«ሄልሜቱ ከውጭ ነው ራሱን የጠበቀ፣
ግጥሙ በውስጥ በኩል ሾልኮ ሾልኮ አለቀ።»

ከሰርገኛው ገሚሱ በሳቅ ተንፈራፈረ። ይርጋነሽ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ታየች። አንዷለም ኦርጋኑን ትቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወገን ተቀያይረው፣ እሱ ራሱን፣ እሷ ራሷን ሲሰድቡ ዋሉ፤ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ሙሽሮቹ ሲሸኙ ይግዛው ከግቢው በር ላይ ደረሰባት።

«አምሳለች፣ መሐላው አለ። ዝም ብያለሁ» አላት።

«መቼ?»

«ያየሽው ነው።»

«ከወንዱ ወገን ግጥም ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም?»

«ተሰምቷል፤ ግን አንቺ ነሽ—»

«እንግዲህ ወገኑ ዝም አላለም። መሪጌታ ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውም ቢኖሩ ይኸንኑ ነው የሚሉት።» ጃንጥላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ግንቦት ላይ ሞጣ ሰርግ አለ። በሴቷ ወገን ትቆማለህ።»

«እስከዚያ ብሶብኝ ስሜን ብረሳስ?»

«ስምህን ከረሳኸውማ እኔ የማወጣልህን ስም ታያለህ!» አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፦ «ደግሞ መዳፍህ ላይ አትጻፍ። ሲያስታጥቡህ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ።»

ደህና ሁን አላለችውም፤ ብላውም አታውቅም። የሞጣው አውቶቡስ ወደቆመበት አቅጣጫ ቁልቁል ሄደች። ሰማዩ ጥርት ያለ የጥር ሰማይ ነው። ይግዛው ሄልሜቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆመ፤ ጥቁሩ ጃንጥላ እንደተዘረጋ በባጃጆቹ መካከል ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዞር ሳይል፣ ሲርቅ ያያል።