ውኃ የጎደለው የመንግሥት መኪና

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ልደብቀው ብልም ፊቴ ያሳብቅብኛል። በደርግ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። አንድ እሑድ፣ ታማ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሰነበተችውን እናቴን ላመጣ፣ ለዘበኛው «ጎሚስታ ጋ ደርሼ መጣሁ» ብዬ ያለ መውጫ ወረቀት የመንግሥቱን መኪና ይዤ ወጣሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ ባልደረባችን ሞተር አቃጥሎ «አሻጥር ነው» ተብሎ ከታሰረ ወዲህ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ በዓይኔ አያለሁ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቀይዋ የውኃ መብራት ቦግ አለች። ጠዋትም አንዴ ብልጭ ብላ ጠፍታ ነበር፤ እኔ ጅሉ አምፖሏ ተበላሽቶ ነው ብዬ አለፍኳት። የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ እጄ ግን ወደዚያው ሄደ።

«ተው፣ ይብረድ እንጂ። ምን ያጣድፍሃል?» አለች እናቴ።

«ወረቀት የለኝም እማዬ። ካዩኝ አለቀልኝ።»

እስኪበርድ ቱቦዎቹን በጨርቅ እየያዝኩ አንድ በአንድ ዳሰስኩ። የታችኛው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። በካቻቪቴ አጠበቅኩት። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ውኃ የሚባል አይታይም። በአካባቢው ያለው ውኃ የእናቴ ጀሪካን ብቻ ነው፣ ለሳምንት የሚሆናት ጠበል። መንካቱ ከበደኝ።

«ምን ታየዋለህ፣ አፍስሰው። ማርያም ታውቃለች» ብላ ራሷ አቀበለችኝ።

የመጨረሻዋን ስጨምር ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ከላይ ወረዱ። አንደኛው ታርጋውን አየና፣ «የመንግሥት መኪና በእሑድ እዚህ ምን ይሠራል? ሴትዮዋስ ምንህ ናት?» አለኝ። ዘመድ መጫን ብቻውን ያሳስራል። «አላውቃትም» የሚለው አፌ ላይ ደርሷል፤ እውነቱን ልናገር፣ ደርሷል።

እናቴ ቀደመችኝ። ከመኪናው ወርዳ፣ «እኔ መንገደኛ ነኝ ልጆቼ። እኚህ ጌታ ለሥራ ሲያልፉ ደክሜ አይተው ነው የጫኑኝ። መኪናቸው ስትሞቅባቸው ጊዜ ውኃዬን ሰጠኋቸው» አለች። ወደ እኔ ዞራም «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብላ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ቁልቁል ሄደች።

የመውጫ ወረቀት ሳይጠይቁኝ መታወቂያዬን ብቻ አገላብጠው፣ ሁለተኛ ሰው እንዳልጭን አስጠንቅቀው ለቀቁኝ። ብዙም ሳልርቅ ደረስኩባት። ከኋላ ያዩኛል ብዬ አልቆምኩም። እሷም ቀና አላለችም።

መኪናውን መልሼ አዲሱ ገበያ ያለው ቤታችን ስገባ እሷ ገና አልደረሰችም። ስትመጣ እግሯ አብጧል። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ኧረ ተነሥ» አለችኝ። «እኔስ የፈራሁት እናቴ ናት ብለህ ጉድ እንዳትሆን ነበር። አንተን አንጀትህ አያስችልህም ብዬ ነው የቀደምኩህ።»

አስችሎኝ እንደነበር እስክትሞት አልነገርኳትም።