ሞራው እስኪበስል

ጉልበቴ ዳገት መውደድ ካቆመ ሰነባበተ። እንጦጦን ሽቅብ ስወጣ በየመቶ እርምጃው ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፤ የደከመኝ እንዳይመስል ደግሞ ወደ ከተማው ዞሬ የሆነ ነገር የማይ አስመስላለሁ። የስፖርት ልብስ የለበሱ ወጣቶች በአጠገቤ ሲያልፉ "አባባ፣ አይዞዎት!" ይሉኛል። በዱቤ በገዛው ጫማ የሚሮጥ ልጅ እኔን ሲያበረታታኝ ያናድደኛል። በዱቤ መግዛቱን በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ገምቼ ነው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

ሠላሳ ዓመት ያህል አዳኝ ነበርኩ። እንጀራዬ ከዚያ አልነበረም፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ጉርድ ሾላ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ጾም ካልሆነ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፈቃድ ያወጣሁባትን ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ይዤ ሲግናል ካለው ቤቴ በማለዳ እወጣና ከእንጦጦ ጀርባ ባሉት የገብስ ማሳዎች ዳር ቆቅ አድን ነበር። ጠመንጃዋን ካስረከብኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ እዚያ መተኮስ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም የሚሮጥበት እግር የለኝም።

አደን የማያውቅ ሰው ትልቁ ነገር ማነጣጠር ይመስለዋል። ትልቁ ነገር መድረስ ነው። ቆቋ ተመትታ ስትወድቅ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካልባረክሃት በክት ናት፤ በክት ደግሞ እኛ ቤት አይገባም። ስለዚህ ተኩሰህ ቢላዋህን መዘህ ትሮጣለህ። ቁጥቋጦ ይቧጭርሃል፣ ድንጋይ ያደናቅፍሃል፣ አንተ ትሮጣለህ። ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ቆቆች አብረው ሲነሱ ሁለቱንም አፈሙዝ እለቅባቸው ነበር። አንዷን ባርኬ ሁለተኛዋ ጋ ስደርስ ሞታ አገኛታለሁ። ያቺን ለገበሬው ውሻ ጥዬ በሐፍረት እመለሳለሁ። ከብዙ ጥፋት በኋላ አንዷን ሳልባርክ ሌላዋን አለመምታት ተማርኩ።

ኑሮዬንም በዚሁ መራሁት። አንዱን ወጪ ሳልዘጋ ሌላ አልከፍትም። ብድር አልወስድም፤ ለወንድሜም ቢሆን ዋስ አልሆንም። ደመወዝ ስቀበል መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ ቤት። ከኮዳዬ ውሃ ግማሹ የመመለሻ እንደሆነ ሁሉ ከደመወዜም የማልነካው ነበረኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ተበድረው ሠርግ ሲደግሱ እኔ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ሽሮዬን እበላለሁ። ቆንቋና አሉኝ። ይበሉ! ወር ሳይጋመስ "እባክህ እስከ ደመወዝ" እያሉ ወደኔው ሲመጡ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ስብከቴ ይረዝምባቸው ነበር። ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ስንቁን አይጨርስም እላቸዋለሁ። ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ።

በባንክ ደብተሬ ስንት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፣ ለልጃችንም። ገንዘብ ድምፅ ከሰማ ይበራል ብዬ ነው። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የየወሩን አስቤዛ ቆጥሬ እሰጣታለሁ፤ ካነሰ "አነሰ" ትለኛለች እንጂ "ስንት አለን?" ብላኝ አታውቅም።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ እንጦጦን አብረን መውጣት ጀመርን። ከእለታት አንድ ቀን በጠባቡ መንገድ ላይ የማገዶ እንጨት የተሸከመች ሴት ከጎን መጣች፤ ባለቤቴ ምንም እንዳላየ ሰው ሄዳ ከሸክሙ ጋር ተላተመችና ጉንጯ ተጫረ። "ዓይንሽ የት ነው?" ብዬ ጮኽኩባት። እንጨት ተሸካሚዋን ይቅርታ ጠየቅኩ። ባለቤቴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆ መጣል አበዛች። ከፊቷ ያለውን ታያለች፤ ከጎኗ ያለውን ታፈሳለች። ሣር ውስጥ የተኛች ቆቅ አያመልጠኝም ብዬ የምኩራራ ሰውዬ፣ ማዕድ አብራኝ የምትቀርብ ሴት እንደማታይ ሳላይ ከረምኩ። በመጨረሻ ራሷ ነገረችኝ።

"ዓይኔን ጭጋግ ነገር ይዞታል፤ ከጎን በኩል" አለችኝ።

"ሞራ ነው" አልኳት። "እናቴንም ይዟት ነበር። ሞራ ሳይበስል አይነካም፤ ይብሰልና ይወጣል።"

"እሺ" አለች።

ይህን ያልኩት ዋሽቼ አይደለም። ሞራ እስኪበስል እንደሚጠበቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን መጠበቁ ተስማምቶኛል። ዛሬ ያልወጣ ብር ነገም ደብተሩ ላይ አለ። ልጃችን ስልክ በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ ክሊኒክ ውሰዳት እንጂ" ትለኛለች፤ እኔም "ገና ነው፣ አልበሰለም" እላታለሁ። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስተኛው ተጀመረ። እኔ ከጡረታዬና ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት ኪራይ ላይ በየወሩ እየቀነስኩ ባንክ ማስገባቴን አላቋረጥኩም።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዘገየች። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት እጇን ይዛ አመጣቻት። "እማማ የገዛ በራቸው ጠፍቷቸው ሦስት ጊዜ አልፈውት ሄዱ" አለችኝ። ባለቤቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ልጃችንን የምታክል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በመሣሪያ ብዙ አየቻት።

"እማማ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?"

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "ሞራ አይደለም፤ የዓይን ግፊት ነው። የቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የግራውን፣ ያለውን ያህል እንዲቆይ በጠብታ እንሞክራለን።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ደብተሩን አወጣሁ። "ገንዘብ አለኝ" አልኳት። "የፈለገውን ያህል ይሁን።"

"ገንዘቡ አይደለም፣ አባባ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ደብተሩ አሁንም እጄ ላይ ነበር። አፈርኩ፤ ከሐፍረትም በላይ ነበር። ለአንዲት ቆቅ ገደል ስዘል የኖርኩ ሰው ለሚስቴ ዓይን ዕርምጃዬን አላፈጠንኩም።

አሁን ጠዋትና ማታ ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ። አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቀኛለች፤ አንዳንዴ እስትና ጉንጯ ላይ ይፈሳል፤ በነጠላዋ ጫፍ እጠርግላታለሁ። ጠብታው ውድ ነው። ደብተሩ በየወሩ ይሳሳል፤ አያሳስበኝም። ደክሞኛል። ዳገቱም፣ መቆጠቡም፣ ትክክል ነበርኩ ብሎ ራስን ማሳመኑም ደክሞኛል። መስበክም ትቻለሁ። ባለፈው ልጃችን ከባንክ ብድር ልትወስድ አስባ ምክር ብትጠይቀኝ፣ "እናትሽን ጠይቂ" አልኳት። 

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም እንወጣለን። ክንዴን ትይዛለች፤ ሰው ከጎን ሲመጣ እነግራታለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ባሕር ዛፎቹ ሥር አረፍ ብለን ሳለ፣ ካገባኋት ጀምሮ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

"ያኔ ዓይኔን መጀመሪያ የነገርኩህ ጊዜ፣ ስንት ነበረን?"

ነገርኳት። አንድ ብር ሳልቀንስ ነገርኳት።

"ለሕክምናው ይበቃ ነበር?"

"ይበቃ ነበር። ተርፎም።"

እንድትቆጣ ጠበቅኩ፤ እንድትቆጣ ፈለግኩም። ብትሰድበኝ አቀርቅሬ እሰማ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋ ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጇ ዳብሳ አገኘችና አራገፈችው።

"እኔ እኮ የሌለን መስሎኝ ነው" አለች። "እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"