ብርድ የሰረቅንበት ጠዋት

የባለቤቴ አርባ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ በመጋቢት ወር የሆነ ነው። የዚያን ሰሞን ነገር አብዛኛውን አላስታውሰውም። ማን መጣ፣ ማን ምን አለኝ፣ ተደበላልቆብኛል። ያቺን ሴትና ያንን ጠዋት ግን አልረሳሁም። በቀን ሁለት ሦስት መስመር እየጻፍኩ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ጋምቤላ የመጣነው ክልል ከመባሏ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እሱ ጤና ጣቢያ ተመድቦ፣ እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ በአረቄዋ የታወቀች ነበረች፤ እሷም ከእናቷ ነው የተማረችው። ስትሸኘኝ አረቄ የምታወጣበትን መቃ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ገልጦ አየውና፣ «ዋሽንት የምትነፋ ሚስት ነው እንዴ ያገባሁት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያ መቃ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። «አንድ ቀን የእናትሽን አውጪልኝ» ይለኛል። «በዓል ይድረስ» እለዋለሁ። በዓሉ ሲደርስ ከገበያ እንገዛለን። ሳላወጣለት ወባ በሦስት ቀን ወሰደብኝ።

ስለዚህ ለአርባው ሌላው ቢጎድል እሱ እንዳይጎድል ቆረጥኩ። ጌሾውን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከደጋ በአውቶቡስ ላከልኝ። ጠነሰስኩ፤ ድፍድፉ ሁለት ማሰሮ ሆነ።

የመጀመሪያውን ማሰሮ እኩለ ቀን ላይ ጣድኩ። ሁሉንም እናቴ እንደምታደርገው አደረግኩ። ክዳኑን በሊጥ መረግኩ፤ የመቃውን አንድ ጫፍ ማሰሮው ላይ፣ ሌላውን መቀበያው ውስጥ ሰካሁ፤ መቀበያውን ከባሮ በቀዳሁት ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኩ። እናቴ ቤት ከዚህ በኋላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ጠበቅኩ። እንፋሎቱ በመቀበያው አፍ እየወጣ ይሄዳል፣ ጠብታ የለም። እሳት ጨመርኩ። ድፍድፉ አረረ። በመጨረሻ መቀበያውን ባዘነብለው አንድ ሲኒ የማይሞላ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነገር ወጣ።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። የቀረኝ አንድ ማሰሮ ድፍድፍ ነው። በዚያ ሙቀት ከነገ ካለፈ ይኮመጥጣል፣ ሌላ ጌሾ ደግሞ አይደርስልኝም።

«እቴ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ። «ምንድነው ያቃጠልሽው? ሽታው መንገዱን ሞላ።»

የማላውቃት፣ ጠና ያለች የአኙዋክ ሴት ናት። መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛ ከቸርች ስትመለስ ነው። ጥቁር ልብሴን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ገባች። እንደ እናቴ አረቄ ላወጣ ስል እንዳረረብኝ ስነግራት ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነከረች።

«ይሄ ሾርባ ነው» አለች። «እናትሽ አገር ብርድ አለ?»

«አለ።»

«አየሽ፣ እዚያ ግማሹን ሥራ ብርዱ ይሠራል። አንቺ መቃውን ይዘሽ መጣሽ፣ ብርዱን እዚያው ተውሽው። እዚህ ብርድ መስረቅ ነው።»

ስሟ አጁሉ ነው። እሷም እናቷም የበቆሎ አረቄ ሲያወጡ ነው የኖሩት። ጌታን ካገኘች ወዲህ ግን ትታዋለች፤ አትቀምስም፣ አታወጣም። ይህን ስትነግረኝ አፈርኩ። «እንግዲያ አላስቸግርሽም» አልኳት።

«የሞተው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«ሳይመሽ ሦስት እንስራ ፈልጊ» አለችኝ።

እንስራዎቹን ሞልተን እርጥብ ጆንያ አለበስናቸው፤ የወንዙ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ውጭ አስቀመጥናቸው። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ መጣች። ውሃው ውስጥ እጄን ብከት በርዶኝ አወጣሁት። ጋምቤላ ውስጥ እንዲህ ያለ ውሃ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«እሳቱን አታስቆጪው» ትለኛለች እኔ ስማግድ። ገንዳውን የያዘችው እሷ ናት። «እጅሽን ክተቺ። እጅሽ ካልሸሸ ውሃውን ቀይሪ።» እንደዚያ እያልን ጠዋቱን ሙሉ ስንቀይር ቆየን።

«የቸርች ሰዎች ቢያዩሽስ?» አልኳት።

«ውሃ አቀዘቀዝኩ እላለሁ። ውሸት ነው? ከውሃ ሌላ ምን ነካሁ?»

ከዚያ መቀበያው ውስጥ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ያ ድምፅ የእናቴ ቤት ድምፅ ነው። አጁሉ መቅመስ ስለማትችል ፊቴን እያየች ጠበቀች። በጣቴ አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኩ።

«እናትሽ ናት?» አለችኝ።

«ናት» አልኳት።

በአርባው ቀን አጁሉ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ለአርባው ከደጋ የመጣው የባለቤቴ ወንድም ቀመሰው። «ይሄ የእናትሽ ነው። ማን ይዞልሽ መጣ?» አለኝ። በእጄ ወደ እሷ አመለከትኩ። የቀረውን ሳልነግረው አንድ መለኪያ ሞላና ጎንበስ ብሎ አቀረበላት። ደነገጥኩ። እሷ ግን ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ካህናቱ ጸሎቱን እስኪጨርሱ ሳታፈስ ይዛው ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«የእሱን አንቺ ጠጪለት።»

ጠጣሁለት።

ዘመዶቼ ወደ ደጋ ተመለሺ ይሉኛል። ገና አልወሰንኩም። አሁን የማወጣው አረቄ የለም፤ ግን በየምሽቱ አንድ እንስራ ሞልቼ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሼ፣ ነፋሱ ላይ አስቀምጣለሁ። አጁሉ አንዳንድ ጠዋት በደጄ ስታልፍ ሳታንኳኳ ትገባና አንድ ኩባያ ቀድታ ትጠጣለች።

«አሁን ጥሩ ሌባ ሆነሻል» ትለኛለች።

እሱ ከሞተ ወዲህ የምስቀው ያኔ ነው።